ከማን ይደበቅ? በሚና ጨዋታ የምስጢር አያያዝ አማራጮች ንጽጽር

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧል፤ አንዱ ዳይሱን የሚወረውረው ተጫዋች ሲሆን ሁለተኛው እርሱ የሚናገርለት ገጸ ባሕርይ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን በመካከሉ ምስጢር ይኑር ወይም አይኑር ብሎ ከመከራከሩ በፊት ምስጢሩ የሚደበቀው ከማን እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። የቡድኑ ፈዋሽ ቀደም ሲል በጠላት ጦር ውስጥ ያገለገለ መሆኑን ጓዶቹ ገጸ ባሕርያት ሳያውቁ ተጫዋቾቹ ግን ሁሉም ሊያውቁት ይችላሉ፤ ወይም ፈዋሹን ከሚጫወተው ሰውና ታሪኩን እየተረከ ከሚዳኘው ከጨዋታ መሪው በቀር ማንም ሳያውቀው ሊቆይ ይችላል። በታሪኩ ውስጥ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። በሰዎቹ ላይ ግን ልዩነቱ ከባድ ነው፤ በመጀመሪያው የሚታለለው በምናብ የተፈጠረ ሰው ብቻ ሲሆን በሁለተኛው የሚታለለው አጠገባችሁ የተቀመጠው ወዳጃችሁ ነው።

ይህ መመሪያ ምስጢርን ለመያዝ የሚያገለግሉትን ዋና ዋና መንገዶች ያነጻጽራል። በሁሉም ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው፤ ጨዋታው ስንት ጊዜ ይቆያል፣ ምስጢሩን የመሸከሙ ድካም የማን ነው፣ ምስጢሩ ሲገለጥስ ቡድኑ አብሮ ለመቀጠል የሚያስችል ምክንያት ይቀርለታል ወይ? ከሦስቱ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ይመዝናል፤ ብዙዎች ግን የሚያስታውሱት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ተጫዋቾች ሁሉ የሚያውቁት ምስጢር

በዚህ አያያዝ ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን ምስጢር ለጠረጴዛው ሁሉ ይናገራል፤ የሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ግን እንዳላወቁ ሆነው ይቀጥላሉ። የሚገኘው ደስታ ከድንጋጤ ሳይሆን ከመጠበቅ የሚመጣ ነው። ሁሉም ፈዋሹ ማን እንደነበረ ስለሚያውቁ አንዱ ተጫዋች ሆን ብሎ ገጸ ባሕርዩን «ያንን ጦር ካገለገለ ሰው ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም» ያሰኘዋል፤ ፈዋሹን የሚጫወተውም መልስ ለመስጠት ይቸገራል፣ ጠረጴዛውም ትንፋሹን ይይዛል። ምስጢሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ያ አነጋገር በአጋጣሚ ካልሆነ በቀር ባልተነገረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ፊያስኮ» የተባለው ጨዋታ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታ መሪ የለውም፤ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ተጫዋቾች አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡት ገጸ ባሕርያት በምን እንደሚገናኙ፣ ምን እንደሚመኙና በምን ነገር እንደሚጣሉ ሁሉም በሚያየው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ታሪኩ በሸፍጥና በመካካድ የተሞላ ነው፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ግን የተደበቀ ነገር የለም። እርስ በርስ የሚጠፋፉ ገጸ ባሕርያትን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች እየሳቁ ተነሥተው የሚሄዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ ግልጽ ነው። ያወቁትን እንዳላወቁ ሆኖ መጫወት ልምድ ይጠይቃል፤ አንዳንድ ተጫዋች ደግሞ ሳያስበው ገጸ ባሕርዩን ያለ ምክንያት ተጠራጣሪ ያደርገዋል። ለዚህ የሚበጀው መንገድ ተጫዋቹ «የእኔ ገጸ ባሕርይ ይህን አያውቅም» ብሎ ጮክ ብሎ እንዲናገርና ከዚያም ባለማወቁ የሚጎዳበትን ውሳኔ በፈቃዱ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ባለማወቅ መጎዳትን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ሰው በበዛበት ቡድን ግን ይህ አማራጭ አይሠራም፤ ሰዎቹን መለወጥ ስለማይቻል አማራጩን መለወጥ ይቀላል።

መኖሩ የሚታወቅ፣ ይዘቱ የተሰወረ ምስጢር

ይህ መካከለኛ መንገድ ነው። ተጫዋቹ «ገጸ ባሕርዬ ስለ ወንድሙ ሞት የሚደብቀው ነገር አለ» ብሎ ይናገራል፤ የተደበቀው ምን እንደሆነ ግን አይገልጽም። ሌሎቹ ተጫዋቾች ስለሚጠብቁት ድንጋጤው እንደ ክህደት አይሰማቸውም፤ ይዘቱን ስለማያውቁ ደግሞ ጉጉታቸው አይጠፋም። ከዚህም በላይ ወደ ምስጢሩ የሚወስዱ ትዕይንቶችን ራሳቸው ይፈጥራሉ፤ ስለ ወንድሙ ይጠይቁታል፣ መቃብሩ ወዳለበት መንደር መንገዱን ይመልሳሉ።

የዚህን አማራጭ አቅም በሚገባ ያሳየው በ2005 የወጣው «ዘ ማውንቴን ዊች» ነው። ጌታ የሌላቸው ሳሙራዮች በፉጂ ተራራ ላይ የሚኖረውን ጠንቋይ ለመግደል ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም የተሰወረ ጨለማ ዕጣ አላቸው። የእያንዳንዱ ዕጣ ምን እንደሆነ ሌላው አያውቅም፤ ሁሉም ዕጣ እንዳለው ግን ሁሉም ያውቃል። ጨዋታው በዚህ ላይ መተማመንን በቁጥር ይለካል። እኔ ለአንተ ገጸ ባሕርይ የምሰጠው የእምነት ነጥብ በአንተ እጅ ይገባል፤ በዚያው ነጥብ ልትረዳኝ ትችላለህ፣ በዚያው ነጥብ ደግሞ ልትክደኝ ትችላለህ። ያላመንኩህ እንደሆነ ልትጎዳኝም ልትረዳኝም አትችልም። ከዚህ ጨዋታ በቀር ምንም ያልተጫወተ ሰው እንኳ መተማመን ማለት ለሌላው በራስ ላይ ሥልጣን መስጠት መሆኑን ከአንድ ምሽት በኋላ ይረዳዋል፤ ስለ መተማመን ከተጻፉ የጨዋታ ሕጎች መካከል ከዚህ የተሻለ አላጋጠመኝም።

የእምነት ነጥብን ወደ ሌላ ጨዋታ ለመውሰድ ሙሉ ሕጉን መገልበጥ አያስፈልግም። በምሽቱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩ ከሁሉ ይበልጥ የሚያምነውንና ከሁሉ ይበልጥ የሚጠራጠረውን ጓድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር በቂ ነው። በ2010 የታተመው «አፖካሊፕስ ወርልድ» ተቀራራቢ አሠራር ነበረው፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሌላውን ምን ያህል እንደሚያውቀው በቁጥር ይጻፋል፣ ያንን ሰው ለመርዳትም ሆነ ለማደናቀፍ ዳይስ ሲወረወር ቁጥሩ ይደመራል። የሚያውቅህ ሰው ይበልጥ ይረዳሃል፣ ይበልጥም ያሰናክልሃል ማለት ነው።

ከጨዋታ መሪው ጋር ብቻ የሚያዝ ምስጢር

ብዙ ሰው የገጸ ባሕርያት ምስጢር ሲባል በመጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። ተጫዋቹ ምስጢሩን ለጨዋታ መሪው ሹክ ይላል፤ በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ፣ ወደ ሌላ ክፍል እየወጣ ወይም በስልክ መልእክት እየላከ ያንቀሳቅሰዋል፤ አንድ ቀን ምስጢሩ ሲፈነዳ ሁሉም በእውነት ይደነግጣል። የድንጋጤው ጣዕም በሌላ መንገድ እንደማይገኝ መካድ አይቻልም። ዋጋውም እንደ ጣዕሙ ነው።

የመጀመሪያው ዋጋ ጊዜ ነው። አምስት ተጫዋቾች ባሉበት ጠረጴዛ ጨዋታ መሪው ከአንዱ ጋር ለ10 ደቂቃ ለብቻው ሲነጋገር አራቱ ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ። ለአምስቱም ተመሳሳይ ዕድል ቢሰጥ 50 ደቂቃ ይሄዳል፤ ይህም የአራት ሰዓት ጨዋታ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሁለተኛው ዋጋ የጨዋታ መሪው አእምሮ ነው። አምስቱ ተጫዋቾች አንዳንድ ምስጢር ቢኖራቸውና እያንዳንዱን ምስጢር ከሌሎቹ አራት መካከል ማን እንዳወቀውና ማን እንዳላወቀው መከታተል ቢያስፈልግ 20 ነገር በቃል መያዝ ይኖርበታል፤ በአንዱ ከተሳሳተ ምስጢሩ በራሱ አፍ ይወጣል። ሦስተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ አይታሰብም፤ ወረቀት መቀባበሉ ራሱ ምስጢር መኖሩን ይናገራል። ሁለት ሰዎች ተንሾካሹከው ሲመለሱ የቀሩት ምን እንደተባለ ባያውቁም ማንን እንደሚጠረጥሩ ግን አውቀዋል። ይህን ለመሸፈን ጨዋታ መሪው ለሁሉም ወረቀት አድሎ ሁሉም አንድ ነገር ጽፎ እንዲመልስ ሊያዝ ይችላል፤ አብዛኛው ወረቀት ባዶ ቢሆንም እውነተኛው ከባዶዎቹ መካከል ይጠፋል።

በዚህ መንገድ ከተሠሩ ጨዋታዎች መካከል ስሙ የሚነሣው በ1984 የወጣው «ፓራኖያ» ነው። ሁሉን በሚቆጣጠር ኮምፒውተር በምትገዛ ከተማ ውስጥ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከተፈጥሮ የወጣ ኃይል አለው፤ እያንዳንዱ ደግሞ የአንድ ምስጢራዊ ማኅበር አባል ነው፤ ሁለቱም በሞት ያስቀጣሉ፣ የገጸ ባሕርያቱ ሥራ ደግሞ እንዲህ ያሉትን ከሃዲዎች አድኖ መያዝ ነው። ጨዋታው የሚያስቀው ክህደቱ ለሁሉም እኩል ስለታደለና ሞት ርካሽ ስለሆነ ነው፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስድስት ቅጂ ስላለው የተገደለው ተጫዋች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሚቀጥለው ቅጂ ይመለሳል። አንድ ቡድን ይህንን አይቶ ክህደቱን ብቻ ወደ ረጅም ጀብዱ ሲወስደውና ቅጂዎቹን ሲተዋቸው፣ ለሁለት ዓመት የተንከባከቡት ገጸ ባሕርይ በአንድ ምሽት ሲጠፋ የሚመጣው ቅያሜ ከቀልዱ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከዚህ ይልቅ በ1991 የወጣው «አምበር» ለረጅም ታሪክ ይበልጥ ይስማማል። ዳይስ የሌለበት ይህ ጨዋታ የሚጀምረው በጨረታ ነው፤ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያቸው በኃይል፣ በጽናት፣ በአእምሮ ብርታትና በውጊያ ስንተኛ እንደሚሆን ፊት ለፊት ይጫረታሉ። ከጨረታው በኋላ ግን እያንዳንዱ ደረጃውን በምስጢር ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ሁሉም የትናንቱን ሚዛን ያውቃል፣ የዛሬውን ግን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም፤ የተዘጋው ምስጢር ማንንም ሳያወድም ጥርጣሬን ብቻ ሕያው አድርጎ ያቆያል።

ፊት ለፊት ሳይሆን በኢንተርኔት ለሚጫወቱ ቡድኖች ሒሳቡ ትንሽ ይለወጣል። እንደ «ሮል20» ባሉ መድረኮች የግል መልእክት ማንም ሳያይ ስለሚላክ የጊዜውም ሆነ የማስጠርጠሩ ዋጋ ይቀንሳል። ነገር ግን ተጫዋቾች ጨዋታ መሪው ሳያውቅ እርስ በርስ መመካከርም ይቀላቸዋል፤ ጨዋታ መሪው ያላወቀው ሴራ ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ቦታ ስለማይዘጋጅለት አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት አይነሣም።

በጨዋታው የሚታደል ድብቅ ዓላማ

እዚህ ላይ ምስጢሩን የሚመርጠው ተጫዋቹ ሳይሆን ጨዋታው ነው። በ2019 የወጣው «ኤሊየን» ሲኒማቲክ በሚለው የአጨዋወት ስልት አስቀድሞ የተዘጋጁ ገጸ ባሕርያትን ይሰጣል፤ በየምዕራፉም እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያነበው አዲስ ዓላማ ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጓዶቹን እንዲጠብቅ የታዘዘው ሰው በሦስተኛው ሊተዋቸው ይታዘዝ ይሆናል።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ቅያሜ የሚያርፍበት ሰው አለመኖሩ ነው። የከዳኝ ሰው ክህደቱን አልመረጠም፤ ደረሰው። ሁሉም የየራሱ ዓላማ ስላለው ደግሞ ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይወድቅም። በ1986 በሞስኮ የተፈለሰፈው «ማፍያ» የተባለው የቡድን ጨዋታም ሰዎችን ሳያጣላ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማን አታላይ እንደሚሆን ዕጣ ይወስናል፣ ሁሉም ወደ ማታለል እንደሚገባ አውቆ ይቀመጣል፣ ነገሩም በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ጉድለቱ ዓላማው ከተጫዋቹ ልብ ያልመጣ መሆኑ ነው። ለአንድና ለሁለት ምሽት ይህ አይከብድም፤ ተጫዋቹ ራሱ የፈጠረውንና ሲያሳድገው የቆየውን ገጸ ባሕርይ ግን በካርድ ትእዛዝ ማዞር ባዕድነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ያለ ምስጢር መጫወት

ይህም ራሱን የቻለ ምርጫ እንጂ የምናብ ድህነት አይደለም። ቡድኑ ገጸ ባሕርያቱ እንደሚተማመኑና አንዱ በሌላው ላይ እጁን እንደማያነሣ አስቀድሞ ይስማማል፤ ኃይሉን ሁሉ ወደ ውጭው ዓለም ያዞራል። ለአዲስ ተጫዋቾች፣ ለልጆችና በወር አንድ ጊዜ ብቻ ለሚገናኙ ሰዎች ከዚህ የሚሻል የለም። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 ከታተመ በኋላ በማግስቱ ዓመት የሌባ ሙያ ሲጨመርበት የጓዱን ኪስ የሚዳብስ ሌባ የዘወትር የጭቅጭቅ ምንጭ ሆነ፤ ዛሬም «ከጓድ አይሰረቅም» የሚለው ስምምነት በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ቀድሞ የሚነገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ዳይስ በውሸት ላይ ሊፈርድ ይችላልን?

ከላይ ከተነሡት አማራጮች የትኛውም ቢመረጥ አንድ ቀን አንዱ ገጸ ባሕርይ ለሌላው ይዋሻል። በ2014 በወጣው የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አምስተኛ እትም ማታለልና የሰውን ልብ ማንበብ በዳይስ የሚፈተኑ ችሎታዎች ናቸው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳብ «ሁለታችሁም ወርውሩ» የሚል ይሆናል። ችግሩ ዳይሱ እንደተነሣ ተጫዋቹ እየተዋሸ መሆኑን ማወቁ ነው። ሰሚው ቢሸነፍ እንኳ እንዳመነ ሆኖ እንዲጫወት ይገደዳል፤ ሰው ደግሞ በጠላት ኃይል ሲሸነፍ የሚችለውን ያህል በወዳጁ ዳይስ ታዞ ማመንን አይችልም።

የሚሻለው ዳኝነቱን ለተዋሸው ተጫዋች መተው ነው። ጨዋታ መሪው «ገጸ ባሕርይህ ይጠራጠር ይሆን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ምስጢሩ ክፍት በሆነበት ቡድን ተጫዋቹ ለታሪኩ የሚበጀውን ይመርጣል፤ ምስጢሩ በተዘጋበት ቡድን ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ስላላወቀ ጥርጣሬውም እምነቱም እውነተኛ ይሆናል። ዳይስ የግድ ካስፈለገ ጨዋታ መሪው ራሱ በድብቅ ይወርውርና «ዓይኑን ከዓይንህ አራቀ» ብሎ ምልክት ብቻ ይስጥ፤ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ የመፍረዱ ድርሻ ግን የተጫዋቹ ይሁን።

ምስጢሩ ራሱ ምን ዓይነት ነው?

የአያያዙ ምርጫ ከምስጢሩ ዓይነት ጋር መዛመድ አለበት። ያለፈ ነገርን የሚመለከት ምስጢር፣ ለምሳሌ ፈዋሹ የት እንዳገለገለ፣ በየትኛውም መንገድ ቢያዝ ብዙ አይጎዳም፤ ጓዶቹ ሲያውቁ ይቆጣሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ይቅርታ የሚሰጥበት ወይም የሚከለከልበት ትዕይንት ይወለዳል። አሁን እየተሠራ ያለ ነገርን የሚመለከተው፣ ለምሳሌ መንገድ መሪው በየማታው ለሌላ ሰው ደብዳቤ መላኩ፣ ይከብዳል፤ ያኔ በምስጢሩ ምክንያት የሚወድቀው ዱላ ምንም በማያውቁት ላይ ጭምር ያርፋል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ነው። ከሁሉም የሚከብደው የወደፊት ሐሳብን የሚመለከተው ነው። ገጸ ባሕርይዋ በመጨረሻው ሰዓት ሁሉንም አሳልፋ ለመስጠት የወሰነች ተጫዋች የሌሎቹን የወራት ድካም መጨረሻ ለብቻዋ ትወስናለች፤ እንዲህ ያለው ምስጢር ቢያንስ መኖሩ መታወቅ አለበት ባይ ነኝ።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ምስጢሩ በተገለጠ ማግስት ጓዶቹ የሚያደርጉት አስተዋይ ነገር ያንን ገጸ ባሕርይ መግደል ወይም ማባረር ብቻ ከሆነ ምስጢሩ ለጨዋታው መጨረሻ እንጂ ለመካከሉ አይሆንም። መንገድ መሪው ደብዳቤ የሚልከው ለታገተች እኅቱ መዳን ሲል ከሆነ ጓዶቹ ሦስተኛ መንገድ ይኖራቸዋል፤ ለገንዘብ ብቻ ከሆነ ግን ባለቤቱ አዲስ ገጸ ባሕርይ ማዘጋጀት ይጀምር። «እኔ ሳልሆን ገጸ ባሕርዬ ነው ያደረገው» የሚለው መከላከያም እዚህ አይሠራም፤ ገጸ ባሕርዩን እንዲያ አድርጎ የፈጠረው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ለየትኛው ቡድን የትኛው?

ለአንድ ምሽት ከተሰበሰባችሁ የታደለ ድብቅ ዓላማ ወይም «ፓራኖያ»ን የመሰለ የተዘጋ ምስጢር ውሰዱ፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ የሚጎዳ ነገር አይከማችም። ከአራት እስከ ስምንት ምሽት ለሚቆይ ታሪክ መኖሩ የሚታወቅ ምስጢር ተስማሚ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ምሽቶች ሁሉም ምስጢር እንዲወጣ ቀጠሮ መያዝም ይቻላል። ለዓመታት በሚዘልቅ ጨዋታ እኔ የምመርጠው ክፍቱን ነው፤ የተዘጋ ምስጢር ካስፈለገም ያለፈውን ብቻ የሚመለከትና ከአንድ ተጫዋች የማይበልጥ ይሁን። እርስ በርስ በደንብ ካልተዋወቁ ሰዎች ጋር ከሆናችሁ ያለ ምስጢር ጀምሩ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለምስጢር በር መክፈት ይቻላል።

የተዘጋ ምስጢር የሚመርጥ ቡድን አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። ብዙ ቡድኖች በጨዋታው ውስጥ እንዳይነሡ የሚፈልጓቸውን ጉዳዮች አስቀድመው ይወስናሉ፤ በመካከል የማይመች ነገር ሲመጣ ትዕይንቱን የሚያስቆመውን «ኤክስ ካርድ»ም በጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ምስጢሩ ክፍት ሲሆን ማንኛውም ተጫዋች አስቀድሞ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ሊል ይችላል። ሲዘጋ ግን ይህን የማለት ዕድል ያለው ጨዋታ መሪው ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ምስጢር ከመቀበሉ በፊት ቡድኑ ከከለከላቸው ጉዳዮች ጋር ማስተያየቱ የእርሱ ኃላፊነት ይሆናል። አጠራጣሪ ከሆነ የምስጢሩን ባለቤት ሳይጠቅስ «በጨዋታችን የልጅ መጥፋት ቢነሣ የሚከብደው ሰው አለ?» ብሎ ለሁሉም ጥያቄ ማቅረብ ይችላል።

በመካከል አያያዙን መለወጥ ካስፈለገ ከተዘጋ ወደ ክፍት መሄድ ሁልጊዜ ይቻላል፤ የተገላቢጦሹ ግን አይቻልም፣ ተጫዋች አንዴ ያወቀውን መልሶ አይረሳምና። የተዘጋ ምስጢር በአጋጣሚ ያመለጠ እንደሆነ ጨዋታ መሪው እንዳልተሰማ ከማለፍ ይልቅ ጨዋታውን ለአፍታ አቁሞ ምስጢሩ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በተጫዋቾች ዘንድ ክፍት መሆኑን ያስታውቅ፤ ባለቤቱም ከፈለገ የቀረውን በሙሉ ይናገር፣ ካልፈለገ ደግሞ ያመለጠውን ትቶ በጨዋታ መሪው ፈቃድ ሌላ ይተካ።